ስለ 2,147,483,647 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥም ከክፍል ውጭም ስለ አንድ ቁጥር ደጋግሜ እጠየቃለሁ። ቁጥሩ 2,147,483,647 ነው። አንዱ ተማሪ ኮድ መጻፍ ሲለማመድ ያገኘዋል። ሌላው ስልኩ ላይ ጌም ሲጫወት ነጥቡ እዚህ ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስ ይለዋል። ከመሐል ሜዳና ከአረርቲ በቴሌግራም የሚጠይቁኝም አሉ። መልሶቹን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው ይህን ገጽ የጻፍኩት። አብዛኛውን በእርሳስና በወረቀት ማረጋገጥ ይቻላል። ብታረጋግጡት ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል? ምን ያህል ትልቅ ነው?

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። አሥር አሃዝ አለው።

ይህን ያህል ሚሊሜትር ወደ ኪሎሜትር ሲቀየር 2,147 ኪሎሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎሜትር ግድም ነው። ስምንት ጊዜ ደርሶ መልስ ሄደን መንገዱን ሚሊሜትር በሚሊሜትር ብንቆጥር እንኳ ቁጥሩ ላይ አንደርስም፤ ጥቂት ይቀረናል።

ከየት የመጣ ቁጥር ነው?

ከ2 ነው የመጣው። ሠላሳ አንድ ሁለቶችን አንድ ላይ አባዙ። 2,147,483,648 ይመጣል። ከዚያ ላይ 1 ቀንሱ። በአጭሩ 2³¹ − 1 ብለን እንጽፈዋለን።

ኮምፒውተር በሚጠቀምበት የ0 እና የ1 አጻጻፍ ደግሞ ቁጥሩ ሠላሳ አንድ 1ዎች ተደርድረው ነው። አንድም 0 የለውም። ይህን አወላለዱን ያዙልኝ። ከታች የምታዩት ነገር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ፕራይም ነው የሚባለው ምን ማለት ነው?

ፕራይም ወይም ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ለምንም ሳይተርፍ የማይካፈል ቁጥር ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 ፕራይም ናቸው። 2,147,483,647ም እንደነሱ ነው። ከ1 ጀምሮ እስከ እሱ ድረስ ያሉት ፕራይሞች ሲቆጠሩ እሱ 105,097,565ኛው ነው።

ለ3 ወይም ለ7 እንደማይካፈል እንዴት ላውቅ?

ለ3 የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሃዞቹን ደምሩ፦ 2+1+4+7+4+8+3+6+4+7 = 46። 46 ለ3 አይካፈልም። ስለዚህ ቁጥሩም አይካፈልም።

ለሌሎቹ ግን ከዚህ የሚያምር መንገድ አለ። ከቁጥራችን 1 ቀንሱና የቀረውን ወደ ፕራይሞች ዘርዝሩት። እንዲህ ይሆናል፦

2,147,483,646 = 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331

እየው እንግዲህ። ቁጥራችን ለ2፣ ለ3፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ31፣ ለ151 እና ለ331 ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ይተርፋል። ለ9 እና ለ63 ሲካፈልም ያው 1 ነው የሚተርፈው። ከአንድ መስመር ብቻ ይህን ሁሉ አወቅን።

ለ5 አይካፈልም፤ መጨረሻው 7 ነው። ለ13፣ ለ17 እና ለሌሎቹ ግን ገና ምንም አልተናገርንም። ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው።

ታዲያ ፕራይም መሆኑን ለማረጋገጥ ስንት ጊዜ ማካፈል አለብኝ?

ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ ሁሉንም ቁጥር መሞከር አያስፈልግም። አንድ ቁጥር ለሁለት አካፋዮች ከተከፈለ ከሁለቱ አንዱ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። የቁጥራችን ስኩዌር ሩት 46,340 ከምናምን ነው። ስለዚህ እስከ 46,340 ድረስ ያሉትን ፕራይሞች መሞከር ይበቃል። እነሱ 4,792 ናቸው። ይህም ቢሆን በእጅ ለሚሠራ ሰው ብዙ ነው።

አሁን አወላለዱን እንጠቀምበት። ቁጥራችን አንድ ፕራይም አካፋይ አለው እንበል። ስሙን «መ» እንበለው። 2ን እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ እያደረግን ብንሄድና በየደረጃው ለመ አካፍለን ቀሪውን ብቻ ብንይዝ፣ 31ኛው ደረጃ ላይ ቀሪው 1 ይሆናል። ምክንያቱም 2³¹ ከመ ብዜት በ1 ይበልጣል። ቀሪው አንዴ 1 ከሆነ በኋላ ዙሩ ከመጀመሪያው ይደገማል። የዙሩ ርዝመት 31ን ሳያተርፍ የሚያካፍል ነው። 31 ደግሞ ራሱ ፕራይም ነው። ዙሩ 1 ደረጃ ብቻ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ልክ 31 ነው።

ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ የተወልን አንድ ሕግ አለ። መ ከ2 የተለየ ፕራይም ከሆነ፣ በመ − 1ኛው ደረጃ ላይ ቀሪው ሁልጊዜ 1 ነው። እንግዲህ በ31 የሚደጋገመው ዙር መ − 1 ላይም በትክክል መግጠም አለበት። ስለዚህ መ − 1 ለ31 ይካፈላል። መ ለ2 ስለማይካፈል መ − 1 ለ2ም ይካፈላል። ሁለቱን ስናጣምር መ ለ62 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ቁጥር መሆን አለበት።

ሌላም ማጥበቢያ አለ። 2³² ማለት የ2³¹ እጥፍ ነው። ስለዚህ ለመ ሲካፈል 2 ይተርፈዋል። 2³² ግን 2¹⁶ በራሱ ተባዝቶ የተገኘ ነው። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ 2 የሚተርፈው ደግሞ፣ መ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ሲተርፈው ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው ሕግ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ስለሆነ ለጊዜው ተቀበሉኝ።

ሁሉም ሲደመር መ ለ248 ሲካፈል ቀሪው ወይ 1 ወይ 63 ነው። ሌላ ምርጫ የለውም። እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች፣ 1ን እና 63ን ሳንቆጥር፣ 372 ብቻ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ገና ሲታዩ ይወድቃሉ። 249 ለ3 ይካፈላል። 497 ለ7 ይካፈላል። 559 የ13 እና የ43 ብዜት ነው። 745 መጨረሻው 5 ነው። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ እውነተኛ ፕራይም የሆኑት 311 እና 1,303 ብቻ ናቸው።

ከ46,340 ሙከራ ወደ 4,792፣ ከ4,792 ወደ 372። ከዚያም በታች። ጉልበት ሳይጨመር ሥራው በማሰብ ብቻ እንዲህ ሲቀንስ ማየት ለእኔ የሒሳብ ትልቁ ደስታ ነው። ኮምፒውተር የሌለው ልጅ ራሱን ከዚህ ጨዋታ ውጭ አድርጎ እንዳያይ የምፈልገውም ለዚህ ነው።

አንዱን በእጄ ልሞክር። እንዴት ልጀምር?

ጎበዝ! 311ን ያዝ። ትልቁን ቁጥር ለ311 ማካፈል አያስፈልግህም። 2ን እጥፍ እያደረግህ ሂድ። ከ311 ሲበልጥብህ 311 ቀንስ። ሌላ ሥራ የለም።

2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128፣ 256። የ256 እጥፍ 512 ነው፤ 311 ሲቀነስ 201። ከዚያ 91፣ 182፣ 53፣ 106፣ 212፣ 113፣ 226፣ 141፣ 282፣ 253፣ 195፣ 79፣ 158፣ 5፣ 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 9፣ 18፣ 36።

ብትቆጥራቸው ሠላሳ አንድ ናቸው። የመጨረሻው 36 ነው። ቁጥራችን ከ2³¹ በ1 ስለሚያንስ ቀሪው 35 ይሆናል። 35 ዜሮ አይደለም። 311 ወደቀ። 1,303ን በዚሁ መንገድ ብትሞክር 226 ይተርፍሃል። ካልደረስክበት መሀል ላይ አንድ መቀነስ ዘለሃል ማለት ነው፤ ተመልሰህ እየው።

ቲቸር፣ 2ን በፕራይም ቁጥር ያህል አባዝቼ 1 ብቀንስ ሁልጊዜ ፕራይም አገኛለሁ?

አታገኚም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

2፣ 3፣ 5 እና 7 ያሳስታሉ። 3፣ 7፣ 31 እና 127 ይሰጡናል፤ አራቱም ፕራይም ናቸው። 11 ላይ ስንደርስ ግን 2¹¹ − 1 = 2,047 ነው። 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ሁለቱንም አካፋዮች ልብ በዪ። 23 ከ22 በ1 ይበልጣል። 89 ከ88 በ1 ይበልጣል፤ 88 ደግሞ 4 ጊዜ 22 ነው። 22 የ11 እጥፍ ነው። ከላይ ያየነው ሕግ እዚህም ይሠራል ማለት ነው።

ግልባጩ ግን እውነት ነው። ከ2 ራስ ላይ የሚጻፈው ትንሹ ቁጥር ፕራይም ካልሆነ ውጤቱ መቼም ፕራይም አይሆንም። 2⁶³ − 1ን ውሰጂ። 63 ለ3 ስለሚካፈል ውጤቱ ለ2³ − 1 ማለትም ለ7 ይካፈላል። ስለዚህ 9,223,372,036,854,775,807 ምንም ቢያስፈራ ፕራይም አይደለም።

እንደ 2³¹ − 1 ያሉት ፕራይሞች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን መርሴን ስም ነው የሚጠሩት። በትንሽነት ቅደም ተከተል ሲደረደሩ የእኛ ቁጥር 8ኛው ነው። የሚያስገኙት ቁጥሮች 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19 እና 31 ናቸው።

መጀመሪያ ያረጋገጠው ማን ነው?

ሊዮናርድ ኦይለር ነው። የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሲሆን በዚያን ጊዜ የሚኖረው ሩሲያ ውስጥ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር። ማረጋገጫውን ለሒሳብ ሊቁ ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ገለጸ። ደብዳቤው የ1772 እ.አ.አ. ነው። ኦይለር በዚያ ዘመን ዓይኑ ማየት አቁሞ ነበር ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። ከላይ ያየናቸውን የ248 ቀሪዎች የተጠቀመው እሱ ነው።

ከእሱ በፊት ጣልያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ ይህ ቁጥር ፕራይም ነው ብሎ ነበር። ነገር ግን 2²³ − 1ን፣ 2²⁹ − 1ን እና 2³⁷ − 1ንም አብሮ ፕራይም ብሏቸዋል። ሦስቱም አይደሉም። የመጀመሪያው ለ47 ይካፈላል። ሁለተኛው ለ233፣ ሦስተኛው ለ223 ይካፈላል። መርሴንም በ1644 እ.አ.አ. ባወጣው ዝርዝር ላይ 31ን ጨምሮታል። በዚያው ዝርዝር 67ን እና 257ን በስሕተት አስገብቷል፤ 61ን፣ 89ን እና 107ን ደግሞ ትቷል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ካታልዲም መርሴንም ስለ 31 የተናገሩት ልክ ነው። ክብሩ የኦይለር የሆነው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በሒሳብ ልክ መሆን ብቻውን አይበቃም። ለምን ልክ እንደሆነ ማሳየት ያስፈልጋል። ፈተና ላይ መልሱን ብቻ ጽፈው ሙሉ ማርክ ለሚጠብቁ ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ሳልሰለች እነግራቸዋለሁ።

ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሚታወቁት ፕራይሞች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ። በ1811 እ.አ.አ. እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው ከዚህ ቁጥር የሚሠራውን ፍጹም ቁጥር ጠቅሶ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምናልባት መቼም እንደማይገኝ ጽፎ ነበር። ለምንም ስለማይጠቅም ማንም አይደክምበትም ባይ ነው። ሰው ግን ደከመበት፣ ተገኘም።

ፍጹም ቁጥር ደግሞ ምንድን ነው?

አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ቁጥር ነው። እሱ ራሱ ግን አብሮ አይደመርም። 6 እንዲህ ነው፦ 1+2+3 = 6። 28ም እንዲሁ፦ 1+2+4+7+14 = 28።

ከጥንታዊው የግሪክ ሒሳብ ሊቅ ከዩክሊድ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ሕግ አለ። 2³¹ − 1 ፕራይም ከሆነ፣ እሱን በ2³⁰ ብናባዛው ፍጹም ቁጥር እናገኛለን። ስናባዛው 2,305,843,008,139,952,128 ይመጣል። 8ኛው ፍጹም ቁጥር እሱ ነው።

ኮምፒውተር ሲያረጋግጥ እንደ ኦይለር እያካፈለ ነው?

እንዲህ ላለ ትንሽ ቁጥር ማካፈሉ ራሱ ለኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ ነው። ለትልልቆቹ የመርሴን ቁጥሮች ግን ሌላ ዘዴ አለ። ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀመረው። አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሻሻለው።

ከ4 ጀምሩ። በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ፣ ለምትፈትኑት ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ። ቀሪውን እንደገና በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ አካፍሉ። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ፕራይም ነው። 0 ካልመጣ አይደለም።

በ127 እንሞክረው። 127 ማለት 2⁷ − 1 ነው። እርምጃው ከ7 በ2 ያንሳል፤ ስለዚህ 5 እርምጃ ነው። 4፣ ከዚያ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። ዜሮ መጣ። 127 ፕራይም ነው። ምንም አካፋይ አልፈለግንም።

ለእኛ ቁጥር 29 እርምጃ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ቀላል ናቸው፦ 4፣ 14፣ 194፣ 37,634፣ 1,416,317,954። እስከዚህ ድረስ ማካፈል እንኳ አይጠይቅም፤ ከቁጥራችን አይበልጡም። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱ ይሞላል። 29ኛው ላይ 0 ይመጣል።

ስልክና ኮምፒውተር ለምን እዚህ ቁጥር ላይ ይቆማሉ?

ብዙ ፕሮግራም አንድን ሙሉ ቁጥር በ32 ቢት ይይዛል፤ ቢት ማለት የአንድ 0 ወይም 1 ቦታ ነው። አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይውላል። 31 ይቀራል። በ31 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ሠላሳ አንድ 1ዎች ነው፤ የእኛው ቁጥር ማለት ነው። 1 ሲጨመርበት በብዙ ኮምፒውተር ላይ ወደ −2,147,483,648 ይገለበጣል።

ይህ ጌም ላይ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ብሩን በሳንቲም ቆጥሮ በ32 ቢት ቢያስቀምጥ፣ ከ21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም በላይ መያዝ አይችልም። ለአንድ ነጋዴ እንኳ ሊያጥር ይችላል። ዩቲዩብም የአንድ ኮሪያዊ ዘፈን ተመልካች ወደዚህ ቁጥር ሲጠጋበት በ2014 እ.አ.አ. ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳድጎታል።

ፕራይም በመሆኑ ነው ወይ የተመረጠው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አይደለም። 31 ቢት ስለቀረ ብቻ ነው። ሁለቱ ነገር አንድ ላይ መግጠሙ አጋጣሚ ነው። በ64 ቢት ላይ ያለው ወሰን ከላይ ያየነው 2⁶³ − 1 ነው፤ እሱ ለ7 ይካፈላል።

በ2030 ዓ.ም. ጥምቀት ጠዋት የኮምፒውተር ሰዓት ይዛባል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ቁም ነገር አለው። ብዙ ኮምፒውተር ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ ነው። ዜሮ የተባለችው ሰከንድ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ናት። ይህ ቆጠራ በ32 ቢት ከተያዘ የመጨረሻዋ ሰከንድ 2,147,483,647ኛዋ ነች። እሷም የምትውለው ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። በምንጃር ሸንኮራ ኢራንቡቲ ምእመኑ ባሕረ ጥምቀቱን ከቦ በሚቆምበት ጠዋት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለችው ሰከንድ ላይ ያልተስተካከለ ማሽን ወደ ኋላ ይገለበጥና ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ሌሊት ያሳያል። አንጎለላ የተወለዱት አጤ ምኒልክ ዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን ነው።

አትደናገጡ። የዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ጊዜን በ64 ቢት ይይዛሉ። የሚያሰጋው የቆየ ማሽንና የቆየ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ካለ ባለሙያ ቢያማክር መልካም ነው። ጊዜ አለ።

ለምን ይጠቅማል? የባንክ ምስጢር መቆለፊያ ነው ይባላል።

ለምስጢር መቆለፊያ አይሆንም። በጣም ትንሽ ነው። ለዚያ የሚውሉት ፕራይሞች ሦስት መቶ አሃዝ ገደማ አላቸው።

የሚጠቅመው ዕጣ የመሰለ ቁጥር ለማውጣት ነው። አንድ ቁጥር ምረጡ። በ16,807 አባዙት። ውጤቱን ለ2,147,483,647 አካፍሉና ቀሪውን ያዙ። ቀሪውን እንደገና በ16,807 አባዙ። ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ይሄዳል። ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች አንዱንም ሳይደግም ሁሉንም ካዳረሰ በኋላ ነው ወደ ጀመረበት የሚመለሰው። 16,807 አምስት 7ቶች አንድ ላይ ሲባዙ የሚመጣ ነው። 7 የተመረጠው በዚህ ቁጥር ላይ ሙሉ ዙር ከሚዞሩት ሁሉ ትንሹ ስለሆነ ነው። 2 ቢሆን ኖሮ 31 እርምጃ ሄዶ ይመለስ ነበር። ይህ ዘዴ በ1988 እ.አ.አ. ፓርክና ሚለር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ሁሉም ሊጠቀምበት የሚገባ ዝቅተኛ መለኪያ ይሁን ብለው ካቀረቡት በኋላ በሰፊው ታውቋል። ለጌምና ለሙከራ ይሆናል። ለምስጢር ግን አሁንም አይሆንም፤ ቀጣዩን መገመት ይቻላል።

ጎረቤቶቹስ? መንትያ (በ2 ብቻ የሚለይ ሌላ ፕራይም) አለው?

የለውም። በ2 የሚያንሰው 2,147,483,645 መጨረሻው 5 ነው። በ2 የሚበልጠው 2,147,483,649 ለ3 ይካፈላል። ከበታቹ ያለው ፕራይም 2,147,483,629 ነው። ከበላዩ ያለው 2,147,483,659 ነው።

የሁለት ቁጥሮች ካሬ ድምር ሆኖ ሊጻፍ ይችላል?

በሁለትም በሦስትም አይጻፍም። ማንኛውም ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው 0፣ 1 ወይም 4 ነው። ሦስቱን እንዴትም አድርጋችሁ ብትደምሩ ቀሪው 7 አይመጣም። የእኛ ቁጥር ለ8 ሲካፈል ግን 7 ይተርፋል።

በአራት ይጻፋል። ማንኛውም ቁጥር በአራት እንደሚጻፍ የሒሳብ ሊቁ ላግራንዥ በ1770 እ.አ.አ. አረጋግጧል። ለእኛው አንዱ መንገድ ይህ ነው፦

46,339² + 425² + 10² + 1² = 2,147,483,647

ካልኩሌተር አውጡና ደምሩት። ሌላም መንገድ አለ፤ ያገኘ ይላክልኝ።

ከዚህ የሚበልጥ ስንት ፕራይም አለ?

ማለቂያ የለውም። ዩክሊድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አረጋግጦታል። እስካሁን ከተገኙት ትልቁ በጥቅምት 2024 እ.አ.አ. የታወቀው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ነው። 41,024,320 አሃዝ አለው። የተፈለገበት መንገድ ከኦይለር አካሄድ ጋር ዝምድና አለው፤ እሱም የመርሴን ቁጥር ነው።

2ን በራሱ በ2,147,483,647 ያህል አባዝቼ 1 ብቀንስስ?

ከሸዋ ሮቢት የመጣ ጥያቄ ነው፤ በጣም ወድጄዋለሁ። 3 ፕራይም ነው፤ 2³ − 1 = 7 ፕራይም ነው። 7 ፕራይም ነው፤ 2⁷ − 1 = 127 ፕራይም ነው። እንግዲህ የእኛስ?

የሚገኘው ቁጥር 646,456,993 አሃዝ አለው። ፕራይም ግን አይደለም። ከ1983 እ.አ.አ. ጀምሮ አንድ አካፋዩ ይታወቃል፦ 295,257,526,626,031። ቁጥሩን በሙሉ ሳይጽፉ አካፋዩን ማግኘት የተቻለው ከላይ ባየነው ሕግ ነው። አካፋዩ የ2,147,483,647ን እጥፍ ተከትሎ መሄድ አለበት። 1 ቀንሱለትና ለ4,294,967,294 አካፍሉት። 68,745 ይደርሳል፤ ምንም አይተርፍም።